ሞትን ቼዝ ያጫወተው ሠዓሊ

ከስዊድን ዋና ከተማ ከስቶክሆልም በስተሰሜን ቴቢ የምትባል ቦታ አለች። ቴቢ ውስጥ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ገብተው ወደ ቅስት ጣሪያው ቀና ካሉ፣ ሥጋው አልቆ አጥንቱ የቀረ ሞት ከአንድ ደህና አድርጎ ከለበሰ ሰው ጋር ፊት ለፊት ሆኖ ቼዝ ሲጫወት ይታያል። ሰንጠረዡ በመሀከላቸው ነው። ጨዋታው ከተጀመረ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ይህንን የሳለው ሰው በላቲን አልበርቱስ ፒክቶር፣ በስዊድንኛ አልበርት ሞላሬ ይባላል። ሁለቱም ያው «ሠዓሊው አልበርት» ማለት ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሱን ሕይወት የሚመለከት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ለመሆኑ አንድ የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ስዊድን ገጠር ሠዓሊ ምን አገባው? የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ ስለ ግለ ታሪክ አጻጻፍ ስንማር መጀመሪያ የሚነገረን ነገር ባለታሪኩን አናግሩት፣ ካልተቻለ የሚያውቁትን አናግሩ፣ ቃላቸውን በትምህርተ ጥቅስ አስቀምጡ የሚል ነው። እሺ፤ ባለታሪኩ በ1509 የሞተ ከሆነስ? ደብዳቤ ካልተወስ? ስለሱ የሚታወቀው የግብር መዝገብ፣ የከተማ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ፣ የክፍያ ሰነድና የጣሪያ ሥዕል ብቻ ከሆነ ምን ይጻፋል? እኔ አልበርትን የመረጥኩት ለዚሁ ነው። ስለ ሰውየው አንድም ሰው ቃሉን የሚሰጠን የለም፤ ሥራው ግን ከሠላሳ በሚበልጡ ቤተ ክርስቲያኖች ውስጥ ይገኛል።

አልበርት ስዊድናዊ አልነበረም። በመዝገብ ላይ ከስሙ ጋር የተያያዘው ኢመንሁሰን የሚለው መጠሪያ በጀርመን አገር፣ በሄሰን ግዛት ከምትገኘው ከኢመንሃውዘን ከተማ እንደመጣ ያመለክታል። የታሪክ ጸሐፊዎች ልደቱን ወደ 1440ዎቹ ያስጠጉታል። በስዊድን መዝገብ ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው በ1465 ነው፤ በዚያ ዓመት አርቦጋ በምትባል ከተማ ሙሉ መብት ያለው የከተማ ነዋሪ ሆኖ ተመዘገበ። አርቦጋ ሜላረን ከሚባለው ትልቅ ሐይቅ በስተምዕራብ ያለች፣ ከማዕድን አገር የሚወርደው ብረት የሚያልፍባት የንግድ ከተማ ነበረች። በዚያን ጊዜ በስዊድን ከተሞች ጀርመኖች ብዙ ነበሩ፤ ነጋዴው፣ አንጥረኛው፣ የእጅ ባለሙያው ጀርመን ነው። ስለዚህ የአልበርት መምጣት እንግዳ ነገር አይደለም። እንጀራ ፍለጋ የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ ነው፣ በቃ።

ስምንት ዓመት ቆይቶ በ1473 ወደ ስቶክሆልም ተዛወረ። የተዛወረበት ጊዜ ራሱ የሚገርም ነው። እስከ 1471 ድረስ ከስዊድን ከተሞች ምክር ቤት እስከ ግማሹ ድረስ ጀርመን እንዲሆን ሕጉ ይፈቅድ ነበር። በዚያ ዓመት በስቶክሆልም አጠገብ ብሩንኬቤርይ በሚባል ቦታ ስቴን ስቱረ የዴንማርክን ንጉሥ ድል ካደረገ በኋላ ይህ ሕግ ተሻረ። አልበርት እንግዲህ ጀርመኖች የምክር ቤት ወንበራቸውን ካጡ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ወደዚች ከተማ የገባው። ታዲያ በስንት መከራ ገባ እንዳይባል፣ በትዳር ነው የገባው። ዮሐን የሚባል ሠዓሊ ሞቶ ሚስቱ አና መበለት ሆና ነበር። አልበርት አናን አገባና የዮሐንን የሥራ ቤት ወረሰ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆም እፈልጋለሁ። በመጻሕፍት ሁሉ ይህ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚታለፈው፤ መበለት አገባ፣ የሥራ ቤቱን ያዘ፣ ዝነኛ ሆነ። እንዲህ ያለው ጋብቻ በዘመኑ የተለመደ ነበር። የሞተ ባለሙያ ሚስት የሥራ ቤቱን፣ መሣሪያውን፣ ተለማማጆቹንና ደንበኞቹን ይዛ ትቀራለች፤ ሌላ ባለሙያ ያገባታል፤ ሥራው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ግን እኮ በዚህ ስሌት ካየነው የሥራ ቤቱ ከአልበርት በፊት የነበረ ነው። አና ባትኖር ኖሮ አርቦጋ ውስጥ የቀረ አንድ ሠዓሊ ነበር የሚሆነው። ስለ አና የሚታወቀው ከስሟ ብዙም አያልፍም፤ ይሁንና በዚህ ጽሑፍ ስሟ ሳይጠቀስ እንዲቀር አልፈልግም።

በስቶክሆልም አልበርት ሌላም ስም ነበረው፤ ዕንቁ እየሰፋ ጥልፍ የሚሠራ ሰው በሚጠራበት የሙያ ስም «ፔርልስቲካሬ» ይሉታል። የካህናት ልብሰ ተክህኖና የመንበር መሸፈኛ በሐር፣ በወርቅ ክርና በዕንቁ ያስጠልፍ ነበር። አንዱ ሰው ሁለት ሙያ ለምን አስፈለገው ቢባል መልሱ በስዊድን አየር ጠባይ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ክረምቱ በረዶ ነው፣ ቀኑ አጭር ነው፣ ልስኑ ይረጥባል፤ ግድግዳ ላይ መሳል የሚቻለው በበጋ ነው። ስለዚህ በበጋ ተለማማጆቹን ይዞ ወደ ገጠር፣ በክረምት ከተማ ቤቱ ውስጥ ጥልፍ። በጥልፉና በግድግዳ ሥዕሉ መካከል የሚመሳሰሉ ንድፎች መኖራቸውን ያጠኑት ሰዎች ይናገራሉ። ከዚህም ሌላ ኦርጋን ይጫወት ነበር። በስቶክሆልም የክርስቶስ ቅዱስ ሥጋ ማኅበር የሚባል የከተማው ታላላቅ ሰዎች የተሰባሰቡበት ማኅበር ነበረ፤ አልበርት ለዚህ ማኅበር ኦርጋን እየተጫወተ ክፍያ ተቀብሏል። ደህና ግብር ከሚከፍሉት የእጅ ባለሙያዎች መካከልም ነበር። የተራበ ሠዓሊ፣ ሻማ እያበራ የሚቆዝም ምናምን የሚባለው ነገር እዚህ የለም። ዛሬ ቢሆን ድርጅት ያለው፣ ጨረታ የሚያሸንፍ ሰው እንለው ነበር።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ እንሂድ። አልበርት የሠራው በአብዛኛው ኡፕላንድ፣ ሶደርማንላንድና ቬስትማንላንድ በሚባሉት፣ በሜላረን ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ክፍላተ ሀገራት ነው። የዚህ አካባቢ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ካቴድራል አይደለም። ሲሠራ በሰማይ ጠቀስ ማማ ማንንም ለማስደነቅ አልታሰበም። ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ነው፤ ግድግዳው ገበሬው ከእርሻው ለቅሞ ባወጣው ጠንካራ ድንጋይ የተገነባ፣ ወፍራም፤ የጣሪያው ሦስት ማዕዘን ፊት በቀይ ሸክላ ጡብ ያጌጠ። በሰሜን በኩል የካህናቱ ዕቃ ቤት፣ በደቡብ በኩል የመግቢያ ክፍል አለው። ይህ የመግቢያ ክፍል በስዊድንኛ «ቫፐንሁስ» ይባላል፤ የመሣሪያ ቤት ማለት ነው። ሰው ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መሣሪያውን እዚያ ያኖራል ከሚለው የመጣ ስም ነው። ብዙ ጊዜ ደወሉ በግድግዳው ላይ አይሰቀልም፤ ከግቢው ውስጥ ለብቻው በቆመ የእንጨት ማማ ላይ ነው።

ከነዚህ መካከል ለኔ ዋናው ሄርኬቤርያ ነው። ኤንሾፒንግ ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ በእርሻ መሀል ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሕንፃው ወደ 1300 ገደማ የተሠራ ሲሆን መጀመሪያ ላይ ጣሪያው እንጨት ነበር። በአስራ አምስተኛው መቶ ዓመት እንጨቱ ተነሥቶ በጡብ የተሠራ፣ ጅማቶቹ እንደ ኮከብ የሚዘረጉ ቅስት ጣሪያ ተሠራለት። ይህ የሕንፃ ለውጥ ለታሪካችን ወሳኝ ነው። ቅስት ጣሪያ ማለት ለሠዓሊ ባዶ ገጽ ማለት ነው። በዚያ ዘመን በሜላረን ዙሪያ ያሉ አጥቢያዎች አንዱ የሌላውን እያየ ቅስት ያሠራ ነበር። ቅስቱ ሲያልቅ በኖራ ይለሰናል፤ ነጭ ይሆናል፤ ከዚያ ሠዓሊ ይጠራል። አልበርት ስቶክሆልም የገባው ልክ በዚህ የግንባታ ወቅት ነው። በ1480ዎቹ ሄርኬቤርያ ሲደርስ ጣሪያው እየጠበቀው ነበር ማለት ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጣሊያን ሠዓሊዎች ልስኑ እርጥብ ሳለ ይስሉ እንደነበር በሰፊው ይታወቃል። በስዊድን ግን ልስኑ ከደረቀ በኋላ በላዩ የኖራ ውሃ ተቀብቶ ነው የሚሳለው። መጀመሪያ መወጣጫ ይሠራል። ዋናው ሠዓሊ ንድፉን በመስመር ያወጣል። ከዚያ ረዳቶቹ ቀለሙን ይሞላሉ፤ አበባውና ኮከቡ ደግሞ በስቴንስል ይደገማል። የጅማቶቹ ጠርዝ በሐረግና በቅጠል ይሞላል፤ ባዶ ቦታ አይተውም። ሄርኬቤርያን በፎቶግራፍ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ግራ መጋባት ነው፤ የት ጀምሬ የት ልጨርስ ያሰኛል። ደግሞ ሁሉ ነገር በእኩል እጅ የተሠራ አይደለም። አንዳንዱ ፊት በአምስት መስመር ብቻ ሕይወት ያለው ሰው ሆኖ ይወጣል፤ ከጎኑ ያለው ደግሞ ደረቅ ነው። ያኛው የአልበርት፣ ይኼኛው የተለማማጁ እንደሆነ መገመት ይቻላል። እኛ ግን ሁሉንም አልበርት ብለን እንጠራለን። በጋዜጣ ቋንቋ ባይላይኑ የአንድ ሰው ነው፣ ዜናውን የሠሩት ስድስት ናቸው እንደማለት ነው።

ምን ይስላል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከሙያችን ጋር የሚገናኘው። አልበርት ታሪኩን ከራሱ አያፈልቅም ነበር፤ ከታተመ መጽሐፍ ይወስዳል። ዋና ምንጩ «ቢብሊያ ፓውፔሩም»፣ የድሆች መጽሐፍ ቅዱስ የሚባለው፣ በእንጨት ላይ ተቀርጾ በጀርመንና በኔዘርላንድስ ይታተም የነበረ የሥዕል መጽሐፍ ነው። የዚህ መጽሐፍ ገጽ አቀማመጥ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መሀል ላይ ከክርስቶስ ሕይወት አንድ ታሪክ፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ለዚያ ምሳሌ የሆኑ ሁለት የብሉይ ኪዳን ታሪኮች። ክርስቶስ ሲቀበር በአንድ በኩል ዮሴፍ ጉድጓድ ውስጥ ሲጣል፣ በሌላ በኩል ዮናስን ዓሣ አንበሪ ሲውጠው። ክርስቶስ ሲነሣ ሶምሶን የጋዛን በር ነቅሎ ሲሸከም፣ ዮናስም ከአንበሪው አፍ ሲወጣ። አልበርት ይህንን ከወረቀት አውጥቶ ቅስት ጣሪያ ላይ ዘረጋው። የመጽሐፉ ሥዕል ግን ጥቁርና ነጭ፣ ትንሽ፣ ጠፍጣፋ ነው፤ የሱ ጣሪያ ደግሞ የጎበጠ፣ በጅማት የተከፋፈለ፣ ከታች ሆነው አንገት አቅንተው የሚያዩት። ስለዚህ ምሳሌውን ይጎትታል፣ ያጥፋል፣ የሰውን እጅ ያስረዝማል። መኮረጅ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ጥሩ ኤዲተር የሚሠራውን ሥራ ነው የሠራው ባይ ነኝ፤ ከሌላ የመጣውን ይዞ ለራሱ አንባቢና ለራሱ ገጽ ማስተካከል። ልብ በሉ፣ በስቶክሆልም የመጀመሪያው ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ያወጣው በ1483 ነው። የአልበርት ምንጭ በዘመኑ አዲስ የሆነ የመገናኛ ዘዴ ነበር ማለት ነው።

የሥዕሎቹ ሰዎች አጠገብ ነጭ ጥብጣብ ይንሳፈፋል፤ በጥብጣቡ ላይ የላቲን ጽሑፍ አለ። ነቢያቱ የሚናገሩት በዚያ ነው። እንዲህ ያሉ ጥብጣቦች በሱ ሥራዎች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ላቲን የሚያውቁ ተመራማሪዎች ከደበዘዘው ፊደል እየለቀሙ አንብበዋቸዋል። ግን ማን እንዲያነባቸው ነበር? ገበሬው ላቲን አያውቅም፣ ስዊድንኛም ቢሆን አብዛኛው አያነብም። ጽሑፉ ለቄሱ ነው፤ ቄሱ በጥብጣቡ ተመርቶ ለሕዝቡ ያስረዳል። ሕዝቡ ደግሞ ቄሱ ቢያሰለቸው የሚያየው ነገር አለው። እውነቱን ለመናገር ከታች ለቆመው ሰው ብዙ የሚታይ ነገር ተደርጎለታል። ጎልያድ በዘመኑ የጦር ልብስ ታጥቆ ነው። ሹል ጫማ ያደረጉ ዘመናዮች፣ ቧልተኞችና ተወዛዋዦች በየጥጉ አሉ። ጎረቤቶቻቸውን ወተት የሚሰርቁ፣ ቅቤውንም ከሰይጣን ጋር ሆነው የሚንጡ ሴቶች አሉ። ይህ ከመጽሐፍ ቅዱስ አይደለም፤ ከገበሬው መንደር ወሬ ነው የመጣው። ላሟ ነጥፋ ምክንያቱን ለሚፈልግ ሰው ከጣሪያው ላይ መልስ ተዘጋጅቶለታል። በሄርኬቤርያ የመሣሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ የዕድል መንኮራኩር ተስሏል፤ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ዘውድ ደፍቶ ከላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ ከሥር ተዘርሯል። ቦታው የታሰበበት ይመስለኛል። ባላባቱም ጭሰኛውም ሰይፍና ዱላውን እዚያ ሲያኖር መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ስለዚህ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እዚህ ድረስ ያለው ነው፤ ቧልቱ፣ ቀለሙ፣ የገበሬ ወዳጅነቱ። ከዚያው አካባቢ ያለችው ሁስቢ ሹቶልፍት ግን ሌላ ነገር ታሳያለች። በዚያች ቤተ ክርስቲያን የአልበርት የሥራ ቤት የሳለው አንድ ሥዕል አይሁድን ከአሳማ ጋር አዋርዶ የሚያሳይ ነው። ይህ ዓይነት ሥዕል በጀርመን አገር በብዙ ቦታ በድንጋይ የተቀረጸ የጥላቻ ምስል ነው። በሌሎች ሥራዎቹም ክርስቶስን የሚያሠቃዩት ሰዎች የአይሁድ ኮፍያ አድርገው፣ ፊታቸው አስቀያሚ ተደርጎ ነው የሚታዩት። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ በዚያን ዘመን በኡፕላንድ ገጠር አይሁዳዊ አልነበረም። አይሁድ ሃይማኖታቸውን እንደያዙ በስዊድን እንዲኖሩ የተፈቀደው በ1770ዎቹ ነው። እንግዲህ ገበሬው በሕይወቱ አንድም ቀን አይቶት የማያውቀውን ሰው እንዲጠላ ከጣሪያ ላይ ተማረ። የዘመኑ አስተሳሰብ ነበር፣ ሁሉም እንዲህ ይስል ነበር የሚል መከራከሪያ አለ። እውነት ነው፣ ንድፉም ከሌላ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ሶምሶንን ከመጽሐፍ ወስዶ አሳምሮ ስላስተካከለ ካመሰገንነው፣ ይህንንም ወስዶ ስለሳለው ልንጠይቀው ይገባል። ሁለቱም በአንድ እጅ ነው የሆኑት። እኛ የመገናኛ ብዙኃን ተማሪዎች ነን፤ ያላዩትን ሕዝብ ማስጠላት ምን እንደሚያደርግ በአፍሪካም በአውሮፓም ታሪክ ተምረናል።

ስለ ፊቶቹ ሌላም የሚነገር አለ። ዛሬ የአልበርትን ሥዕል ያየ ሰው የብዙዎቹ ሰዎች ፊትና እጅ ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ ያገኘዋል፤ ቅዱሳኑም ጭምር። አንዳንድ ጎብኚ ለዚህ ምስጢራዊ ትርጉም ሊፈልግለት ይችላል። ምስጢሩ ኬሚስትሪ ነው። ለገላ ቀለም የተጠቀመበት ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራ ቀለም ስለነበረ በዘመን ብዛት ከአየር ጋር ተዋህዶ ጠቆረ። አልበርት የሳለው ጉንጩ የቀላ ሰው ነበር። ቀሪው ሰማያዊና አረንጓዴውም ቢሆን በየቦታው ደብዝዟል። ስለዚህ አሁን የምናየውን አይተን ሰውየው የተከዘ ነበር፣ ጨለማ ይወድ ነበር ብንል የቀለሙን እርጅና ለሠዓሊው ባሕርይ መስጠት ይሆንብናል።

አሁን ወደ ሞትና ወደ ቼዙ ልመለስ። የቴቢው ሥዕል ዓለም አቀፍ ዝና ያገኘው በአንድ ፊልም ነው። ኢንግማር በርግማን የሉተራን ቄስ ልጅ ነው፤ ልጅ ሳለ አባቱ በገጠር አብያተ ክርስቲያናት ሊሰብክ ሲሄድ አብሮ ይሄድ ነበር። ስብከቱ ሲረዝም ልጁ ጣሪያ ያያል። በኋላ በመድረክ «የእንጨት ሥዕል» የሚል ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ሠራ፤ ከሱም በ1957 «ሰባተኛው ማኅተም» የተባለውን ፊልም አወጣ። ከመስቀል ጦርነት የተመለሰ አንድ ባላባት በባሕር ዳርቻ ከሞት ጋር ቼዝ ይጫወታል። ማክስ ቮን ሲዶው ባላባቱን፣ ቤንት ኤከሮት ሞትን ሆነው ነው የሠሩት። ፊልሙ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚስል አንድ ሰው አለ፤ የገጸ ባሕርዩ ስም አልበርቱስ ፒክቶር ነው። ልክ አይደለም እንዳይባል ፊልም ነው፤ ግን ፊልሙ የሚያሳየው የታላቁ ወረርሽኝ ዘመን፣ የአስራ አራተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው፤ እውነተኛው አልበርት ገና አልተወለደም። በርግማን ሠዓሊውን አንድ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ወረርሽኙ መሀል አስቀመጠው። ለዓለም የታወቀው አልበርት ታዲያ ይህ ነው፤ ሰውን ለማስፈራራት የሚስል፣ ነገር የገባው፣ ምፀተኛ ሰው። የግብር መዝገቡና የኦርጋን ክፍያው አልበርት ሌላ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያው ግን ባይኖር ኖሮ ሁለተኛውን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አልበርት በ1509 ሞተ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1517፣ ሉተር በቪተንበርግ ተነሣ። ዛሬ እነዚህ ሁሉ የሉተራን ቤተ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሠዓሊው ግን አንድም ቀን ሉተራን ሆኖ አያውቅም። የሳለው ለቅዳሴ፣ ለቅዱሳን ምልጃ፣ ለማርያም ክብር ነው። በ1527 የቬስቴሮስ ጉባኤ ለንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ የቤተ ክርስቲያኑን ሀብት የመውሰድ ሥልጣን ሰጠው። ብር ተወሰደ። በ1531 ደግሞ የመንግሥት ዕዳ ለመክፈል ከየአጥቢያው ደወል ተጠየቀ፤ በአንዳንድ ቦታ ገበሬዎች በዚህ ምክንያት አመፁ። ሥዕል ግን አይቀልጥም፤ ተሽጦ ዕዳ አይከፍልም። በስዊስ አገር በዙሪክ በ1524 ምስሎች በትእዛዝ ሲነሱ፣ ሉተር ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1522 በቪተንበርግ ምስል የሚሰባብሩትን ተቃውሞ ሰብኮ ነበር። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ሉተርን ስለተከተለ የአልበርት ሥዕሎች ከተሐድሶው ተረፉ። የጎዳቸው በኋላ የመጣው ፋሽን ነው። በአስራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ሰዎች ብርሃን ፈለጉ፤ መስኮቶች ሰፉ፣ ከነመስኮቱ ቦታ የነበረው ሥዕል ፈረሰ፣ ብዙ ግድግዳ ነጭ ኖራ ተቀባ። ከፍ ያለው ቅስት በየቦታው የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። ኖራውም ቢሆን አጠፋቸው ማለት አይደለም፤ በአንዳንድ ቦታ ሸፍኖ አቆያቸውና በአስራ ዘጠነኛውና በሃያኛው መቶ ዓመት ተፍቆ ሲነሣ ከሥሩ ወጡ።

በነገራችን ላይ ይህ የስዊድን ሉተራንነት ለኛ አገር እንግዳ አይደለም። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች በ1866 ምጽዋ ገቡ፤ በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው ኦነሲሞስ ነሲብ የነሱ ተማሪ ነበር፤ ስዊድንም ሄዶ ተምሯል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1959 ስትቋቋም ከሥሮቿ አንዱ ይሄ ነው። ከዚያ የመጡት ሰዎች በእንደነዚህ ዓይነት የገጠር ቤተ ክርስቲያኖች ያደጉ ነበሩ። ይዘውልን የመጡት መጽሐፉን፣ መዝሙሩንና ትምህርት ቤቱን ነው፤ ጣሪያው እዚያው ቀረ።

አልበርት እንደገና ስም ያገኘው ቀስ እያለ ነው። በአስራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ኒልስ ሞንሶን ማንደልግሬን የሚባል ሰው ከአጥቢያ አጥቢያ እየዞረ የጥንት የግድግዳ ሥዕሎችን ቀድቶ አሳተመ። ከዚያ የታሪክ ምሁራን የአንዱን ቤተ ክርስቲያን ቅጠል ከሌላው ቅጠል፣ የአንዱን ነቢይ አፍንጫ ከሌላው አፍንጫ እያመሳሰሉ ይህ የአልበርት ነው፣ ያ አይደለም ማለት ጀመሩ። በስሙ የተፈረመው ጥቂት ነው፤ የቀረው በዚህ መንገድ የተሰጠው ነው። በ2009 የሞተበት አምስት መቶኛ ዓመት በስዊድን ታስቦ ዋለ፤ ስለሱም ትልቅ መጽሐፍ ታተመ።

ከተፈረሙት አንዱ በሶደርማንላንድ፣ ሊድ በምትባል የገጠር ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። እዚያ የራሱ የአልበርት መልክ ነው የሚባል አንድ ሰው ተስሏል፤ ከጎኑም እንደ ነቢያቱ ጥብጣብ አለው። በጥብጣቡ ላይ የተጻፈው ላቲን የሚያነቡት ሁሉ የዚህችን ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ አልበርትን በጸሎት እንዲያስቡት ይለምናል። በቃሉ ደረጃ ከሱ የቀረልን ይሄው ነው። ሊድ ዛሬ የሉተራን አጥቢያ ናት፤ በሉተራን ወግ ለሞተ ሰው ነፍስ መጸለይ ብዙም የተለመደ አይደለም። ልመናው ግን እንደተጻፈ ግድግዳው ላይ አለ።